ጠብታ ሲቆጠር፦ ከልደታ ደረጃ እስከ መቻራ ዋሻ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከምኖርበት ብሎክ ደረጃ ሥር፣ ነጭ ማካሮኒ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ክረምት በመጣ ቁጥር ይረዝማል። ቀለም የተላቀቀ መስሎኝ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። አንድ መብራት የጠፋበት ቅዳሜ፣ ኮድ መጻፍ ስላልቻልኩ ቆሜ ሳየው ጫፉ ላይ ጠብታ አለ። ውኃው ኮንክሪቱን ሰርጎ ሲወርድ ካልሲየም ይዞ ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ይሆናል። ዋሻ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፦ ውኃው ጋዙን ከአፈር ጠጥቶ የኖራ ድንጋይ ያሟሟል፣ ዋሻው ጋ ሲደርስ ጋዙን ለቅቆ ድንጋዩን እዚያው ይጥላል። የኛ ደረጃ ቸኩሏል፤ ዋሻ ግን ጊዜ አለው።

ይሄን ሳስስ ነው አስፋወሰን አስራት (ፕሮፌሰር) ላይ የደረስኩት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂስት ናቸው፣ መነሻቸው ግን ዋሻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተሙ ሥራዎቻቸው ስለ ነጋሽና ስለ ኮንሶ ግራናይት ናቸው፤ ቀልጦ ስለቀዘቀዘ፣ መቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ስላስቆጠረ ድንጋይ። ከዚያ ወደ ጠብታ ዞሩ።

ጠብታው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የእኔ እናት ትበቃለች። ወሎ ነው የተወለደችው፤ ዕድሜ የምትቆጥረው «ከ77 በፊት» እና «ከ77 በኋላ» እያለች ነው። እንደዚያ ያለ ክፉ ዘመን ለዚህ አገር ስንተኛው እንደሆነ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? የዝናብ መለኪያ መዝገባችን ረዥሙ ከመቶ ዓመት ብዙም አያልፍም፣ እሱም የተበሳሳ ነው። በእኛ ሥራ ቋንቋ፣ ሲስተሙ ሺህ ጊዜ ወድቆ እኛ የመጨረሻውን ገጽ ሎግ ብቻ ይዘናል።

ረዥሙ ሎግ ምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ አካባቢ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ አለ። አስፋወሰን፣ የዩኒቨርሲቲው ባልደረባቸው መሐመድ ዑመር (ዛሬ በሕይወት የሉም) እና እንግሊዛውያኑ አንዲ ቤከርና ሜላኒ ሌንግ የሠሩት ሥራ እኔን የገረመኝ በአንድ ነገር ነው፦ ድንጋዩን ቆርጠው «የጥንት ዝናብ አገኘን» ለማለት አልተጣደፉም። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 የዋሻዎቹን ሙቀት፣ እርጥበትና የሚንጠባጠበውን ውኃ ለኩ። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፤ ጥሩ። ውኃው የአካባቢውን ዝናብ ይመስላል፤ ይሄም ጥሩ። ካልሳይቱ ግን ኦክስጅኑን በመጽሐፉ ሚዛን አይዝም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ዝናብ መተርጎም አይቻልም። ይህንንም ሳይደብቁ አሳተሙት። ባግ አግኝቶ በዶክመንቴሽኑ ላይ የሚጽፍ ሰው ስንቱ ነው?

ችግሩ በዋሻው አያበቃም። ደመና ተራራ በወጣ ቁጥር ከባዱን ኦክስጅን እያራገፈ ስለሚሄድ፣ የደጋ ዝናብ ቀላል መሆን ነበረበት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ዝናቧ ከሚጠበቀው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተለክቷል፤ እርጥበቱ በኮንጎ ደን በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ነው የሚሉ አሉ፣ ክርክሩ አላለቀም። ልደታ ላይ ያለ ጃንጥላ የሚያበሰብሰኝ ሐምሌ የሳይንስ እንቆቅልሽ መሆኑን ሳላውቅ ነው ያደግኩት።

እና ምን አገኙ? መጀመሪያ በቅርብ ዘመን ያደጉ ሁለት ስታላግማይቶችን («አስፋ-3» እና «መርክ-1» ይባላሉ፤ ቫሪያብል እንዲህ ነው የሚሰየመው) በመሣሪያ ከተመዘገበው የአየር ሁኔታ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከአቸሬ ዋሻ የተገኘውን ይዘው መጡ። ይሄኛው እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ አንድ ንብርብር አለው፤ ዕድሜው በዩራኒየምና ቶሪየም ይለካል፣ ዓመቱ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የሆሎሲን ዘመን ድንጋይ ነው፤ ፋብሪካም መኪናም ከመኖሩ በፊት። የዝናቡ መጠን ያኔም በአሥርት ዓመታት ልክ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። መቻራ ወሎ አይደለም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚህ በኋላ «ያልተጠበቀ ድርቅ» የሚል ዜና ስሰማ «ማነው ያልጠበቀው?» ማለቴ አልቀረም።

በኋላ ሥራው ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም አቀፍ ቡድን አባል ሆነው በደቡብ ኢትዮጵያ ጨው ባሕር ላይ ከ280 ሜትር በላይ ደለል ተቆፍሮ ወጣ፤ 620 ሺህ ዓመት የሚነገርበት። በ2018 ደግሞ እንደገና መቻራ፣ ከዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ወደነበረው ሞቃት ዘመን። የ2022ቱ የጨው ባሕር ጽሑፍ ላይ ከስማቸው ሥር የቦትስዋና ዓለም አቀፍ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ተጽፏል። ለምን እንደሆነ አገር ውስጥ ላለ ተመራማሪ መንገር አያስፈልግም።

ባለፈው ሳምንት የብሎኩ ጥበቃ ጋሽዬ ነጩን ማካሮኒ በመጥረጊያ እንጨት አራገፉት። «ሕንፃውን አበላሸው» አሉኝ። አንዱን ስባሪ አንስቼ በስልኬ መብራት አየሁት፣ ንብርብር ልቆጥር። መሃሉ ባዶ ነው፣ እንደ ስትሮ። ጣሪያው ላይ፣ እሱ በነበረበት ቦታ፣ አዲስ ጠብታ ተንጠልጥሏል።