ኔጌቲቭ ድግግሞሽ

ኔጌቲቭ ድግግሞሽ በሲግናል ጥናት ውስጥ ከዜሮ በታች የሆነ ድግግሞሽ ሲሆን፣ ምልክቱ የመዞርን አቅጣጫ ያሳያል። ድግግሞሽ «በሴኮንድ ስንት ጊዜ» ተብሎ ብቻ ከተተረጎመ ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። እንደ መዞር ፍጥነት ሲታይ ግን ፖዘቲቩ ወደ አንድ ወገን፣ ኔጌቲቩ ወደ ተቃራኒው መዞር ነው። ፖዘቲቭ የሚባለው ወገን የተመረጠው በስምምነት ነው።

ለምሳሌ በብስክሌት ጎማ ጠርዝ ላይ ነጭ ነጥብ ተቀብቶ ጎማው በሴኮንድ 3 ጊዜ ቢዞር፣ ከጎን የሚያይ ሰው አቅጣጫውን ወዲያው ይለያል። የነጥቡን ከፍታ ብቻ የሚመዘግብ ሰው ግን ሊለይ አይችልም፤ ነጥቡ ከላይኛው ጫፍ ከተነሳ፣ ጎማው ወደፊትም ዞረ ወደኋላ፣ የሚመዘገበው ያው አንድ የኮሳይን ሞገድ ነው። አቅጣጫውን ለማወቅ ከከፍታው ጋር የአግድም ርቀቱም መለካት አለበት። እነዚህ ሁለት ልኬቶች በአንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር (የአቅጣጫ ቁጥር) ሲታሰሩ ኮምፕሌክስ ሲግናል ይባላሉ። አንደኛው ክፍል «ምናባዊ» መባሉ ብዙ ተማሪ ያሳስታል፤ በመሣሪያ ውስጥ ግን ሁለቱም በሽቦ የሚሄዱ፣ የሚለኩ ቮልቴጆች ናቸው።

ኦይለር በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ ኮሳይን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ የሁለት ኮምፕሌክስ ሲግናሎች ድምር ግማሽ ነው። አግድሞቹ ይደመራሉ፣ ከፍታዎቹ ይጣፋሉ። ስለዚህ የ3 ኸርዝ ኮሳይን በፎሪየር ትንተና ሲታይ በ+3 እና በ−3 ላይ እኩል ይወጣል። ይህ የፕሮግራም ስህተት አይደለም፤ ሲግናሉ ራሱ አቅጣጫ አይናገርም።

በዶፕለር ራዳር ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። በ10 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር በሴኮንድ 30 ሜትር እየቀረበ ካለ መኪና የሚመለስለት ሞገድ በ2000 ኸርዝ ገደማ ከፍ ይላል፤ መኪናው በዚያው ፍጥነት እየራቀ ከሆነ በ2000 ዝቅ ይላል። የተመለሰው ሞገድ ከተላከው ጋር በአንድ መስመር ብቻ ከተባዛ ሁለቱም 2000 ኸርዝ ሆነው ይታያሉ፣ የሚመጣውም ከሚሄደው አይለይም። ሁለተኛ መስመር ተጨምሮ በ90 ዲግሪ በዘገየ ሞገድ ሲባዛ ግን የአንዱ +2000፣ የሌላው −2000 ይሆናል። በሬዲዮም እንዲሁ፣ መቀበያው በ100 ሜጋኸርዝ ላይ ቢቀመጥ፣ ሁለተኛ መስመር ከሌለው የ99.9 እና የ100.1 ጣቢያዎች ተደራርበው ይሰማሉ።

በናሙና በሚሠራ ሥርዓት ውስጥ ኔጌቲቭ ድግግሞሽ በዓይንም ይታያል። በሴኮንድ 24 ምስል በሚያነሳ ካሜራ የተቀረጸ፣ አንድ ነጥብ የተቀባበትና በሴኮንድ 23 ጊዜ የሚዞር ጎማ በፊልሙ ላይ በሴኮንድ 1 ጊዜ ወደኋላ ሲዞር ይታያል፤ ለካሜራው 23 እና −1 አንድ ናቸው።