ከአርባ አራቱ መስኮቶች የቀሩት

ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። ማንበብ የለመድኩት ግን ቴፒ በነበረው ቤታችን፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው። በ1962 ዓ.ም. አባቴ ቡናውን ሸጦ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከስኳሩና ከአቡጀዲው ጋር አንድ የተጠቀለለ ሸራ ይዞ መጣ። ሲዘረጋ ከአንድ ሰው ቁመት የሚበልጥ ርዝመት ነበረው። ከዘንዶው እስከ ታቦቱ፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአራት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ አሥራ አንድ ሆኖ ተሥሎበታል። እኛ ልጆቹ ክፍሎቹን «መስኮቶች» እንላቸው ነበር። በየመስኮቱ ራስጌ አንድ መስመር አማርኛ ተጽፏል። ያንን መስመር በጣት እየተከተልኩ፣ የማይነበበውን ከሥዕሉ እየገመትኩ ነው አንባቢ የሆንኩት።

ዛሬ ስለዚህ ሥዕል ለመጻፍ ያነሣሣኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ከአርባ አራቱ መስኮቶች የቀሩት ሠላሳ ሦስት ናቸው። እነርሱንም ምን እንደማደርጋቸው ሳላውቅ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

አንባቢ ይህን ዓይነቱን ሥዕል ሳያየው አልቀረም። በሆቴል መተላለፊያ፣ በፒያሳና በቸርችል ጎዳና ሱቆች፣ ከውጭ አገር በመጡ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ አይቶታል። ብዙዎቻችን «የቱሪስት ሥዕል» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ፈረንጆቹ «ኮሚክ» የሚሉትን፣ ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የመናገር ጥበብ፣ በአገራችን እንፈልግ ብንል ከዚህ የቀረበ አናገኝም። ምንጩም ጋዜጣ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ የጌታን ሕማማት፣ የእመቤታችንን ተአምር፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል በየክፍሉ እያስከተለ ማንበብ ለማይችለው ምእመን ሲተርክ ኖሯል። የብራና መጻሕፍቱም እንደዚሁ። ሕጉም ከዚያው የተወረሰ ነው። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው ግን በጎኑ ይሣላልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። በመጨረሻው እራት ይሁዳን የምንለየው በዚህ ነው። የዐድዋን ጦርነት የሣሉ ሠዓሊዎችም ኢትዮጵያውያኑን ፊት ለፊት፣ ጣልያኖቹን በጎን የሣሉት በዚሁ ሕግ ነው። አንድ የቴፒ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ይህን ገብቶት ነበር።

የንግሥተ ሳባ ሥዕል ሁለት ምንጮችን ያጣምራል። የመጀመሪያው ረድፍ፣ አንጋቦ ለዘንዶው መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ሕዝቡን ነፃ የሚያወጣበት፣ ከቃል ትውፊት የመጣ ነው። የነጋዴው የታምሪን ጉዞ፣ የኢየሩሳሌሙ ግብዣ፣ የውኃው ተንኮልና የምኒልክ ልደት ደግሞ በክብረ ነገሥት የተጻፉ ናቸው። ሰሎሞን ንግሥቲቱን በቅመም የበዛበት ምግብ አጥግቦ በሌሊት ውኃ እንድትሻ ያደረገበትን መስኮት እኛ ከሌላው ሁሉ አብልጠን እንወደው ነበር። ኮረሪማና ጥምዝ በሚበቅልበት አገር ያደገ ልጅ የዚያችን ሌሊት ጥም ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልገውም።

ይህ ሥዕል ለገበያ መዋል የጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ከተማ ስትሆን ነው። የቤተ ክህነትን ሥዕል የተማሩ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሰዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥራ ጎን ለጎን ለዲፕሎማቶች፣ ለሐኪሞችና ለነጋዴዎች ሣሉ። አቡጀዲውን ሙጫ ቀብተው ያደርቁታል፤ በእርሳስ ይከፍሉታል፤ ከዚያም ቀለሙን መስኮት በመስኮት ሳይሆን ቀይ ያለበትን ሁሉ ቀይ፣ ቢጫ ያለበትን ሁሉ ቢጫ እያደረጉ ይሞሉታል። ዐድዋ፣ የአደን ሥዕል፣ ግብርና የገና ጨዋታ በዚህ መንገድ ተባዝተዋል።

«ኦርጅናል» የሚለው ቃል ችግር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የጋዜጣ ተከታታይ ሥዕል አንድ ብቻ ኦርጅናል አለው፤ ከእርሱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ይታተማል። የእኛ ሠዓሊ ግን ያንኑ ታሪክ ሃምሳ ጊዜ ቢሥል ሃምሳውም በእጁ የተሠራ ነው። ሃምሳውም ኦርጅናል፣ ሃምሳውም ቅጂ ነው። ታሪክ ፈላጊ መመልከት ያለበትም አንዱ ከሌላው የሚለይበትን ነው። በእኛ ሸራ ላይ የታምሪን አጃቢዎች ጠመንጃ ተሸክመዋል፤ የኢየሩሳሌም ዘበኞች የክብር ዘበኛ ቆብ የመሰለ ደፍተዋል። ሠዓሊው የሣለው ሦስት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሳይሆን በመስኮቱ ያየውን ዘመን ነው።

ይህን ልዩነት ቀድመው የተረዱና የሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ መስቀሉንና ጥንታዊውን የገበታ ሥዕል ሲያሰባስቡ ሙዚየሙን መሠረቱ። ዛሬም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። ሕዝባዊውን ሥዕል በተለይ የተከታተሉት ደግሞ ኢትዮጵያዊው የሙዚየም ባለሙያ ግርማ ፍሥሐ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከቫልተር ራውኒግ ጋር ሆነው በሕዝባዊው ሥዕላችን ላይ በጀርመንኛ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሙኒክ የሚገኘው፣ ቀድሞ የሕዝቦች ሙዚየም ይባል የነበረው ሙዚየም በዚህ ረገድ የታወቀ ክምችት እንዲኖረውም የእርሳቸው ድካም አለበት። ስለዚህ ስለገዛ ሱቆቻችን ሥዕል በስፋት ማጥናት የሚሻ ሰው ዛሬ ጀርመንኛ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ይህን ስል ሰብሳቢዎቹን ለመውቀስ አይደለም። እነርሱ ሲሰበስቡ እኛ «የቱሪስት» እያልን ስናልፍ ነበርና።

ለወቀሳ የቀረበ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን በ1932 ጎንደር ገባ። በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩት የጎንደር ዘመን ሥዕሎች፣ እንደ አብዛኞቹ የግድግዳ ሥዕሎቻችን፣ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ። ስለዚህም ሊነሡ ይችሉ ነበር። ሕንፃው አርጅቷል፣ ሥዕሎቹ ይጠፋሉ የሚል ምክንያት ቀረበ። የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አስመስሎ ሣለ፤ አዲሱ ተለጠፈ፤ አሮጌው ፓሪስ ገባ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። ለጎንደር የቀረላት ቅጂው ነው። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ባነበው ኖሮ ፍርዴ ፈጣን ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ፍጥነቱ ቀንሷል። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

የታተመው ሥዕላችን ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስንት የመማሪያ መጽሐፍ፣ ስንት የጋዜጣ ካርቱን በቀለምና በብዕር ተሣለ! በእርሳስ ፊደል ዘመን ሥዕሉ በካሜራ ይነሣል፤ ምስሉ በዚንክ ሰሌዳ ላይ ይወርድና በአሲድ ይበላል፤ «ክሊሼ» የሚባለው ይህ ነው። ክሊሼው ከወጣ በኋላ ወረቀቱን የሚፈልገው አልነበረም። መሠረተ ትምህርት ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከእነዚህም አንዱ በእኛው አካባቢ የሚነገረው ከፋ-ሞቻ ነበር። የቴፒና የማሻ ገበሬ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ በእጁ ሲይዝ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ያን መጽሐፍ ያስቀመጠ ቤተሰብ ካለ የያዘውን አይናቀው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ በክብር አልተጀመረም። የቤልጅጉ ኤርዤ ለ«ቴንቴን» ጀብዱ እ.ኤ.አ. በ1936 የሣለው አንድ ሽፋን ቀለሙ ለማተም ይወደዳል ተብሎ ተመለሰ። ወረቀቱም፣ እንደ ተነገረው፣ ለአሳታሚው ትንሽ ልጅ ተሰጥቶ፣ ተጣጥፎ፣ በመሳቢያ ውስጥ ብዙ ዘመን ኖረ። በ2021 ፓሪስ ላይ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። በአንጻሩ በ1962 የወጣው የመጀመሪያው «ሸረሪት ሰው» 24 ኦርጅናል ገጾች እ.ኤ.አ. በ2008 ስሙን መግለጽ ባልፈለገ ሰው ለአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ተሰጡ። ቢል ብላክቢርድ የሚባል ካሊፎርኒያዊ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ማይክሮፊልም አንሥተው የሚጥሉትን ጋዜጣ እየለመነ ሰብስቦ፣ በኋላ ለኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስረክብ ክምችቱ 75 ቶን ያህል ሆኖ በስድስት ታላላቅ የጭነት መኪናዎች ተጓዘ። አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ሰጠ፣ አንዱ ከቆሻሻ አዳነ።

አሁን ወደ ቴፒ ልመለስ።

ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጫካና በቡና መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ለቡናና ለቁንዶ በርበሬ የተመቸው ለወረቀትና ለጨርቅ ጠላት ነው። መጽሐፍ ይሻግታል፤ ፎቶግራፍ ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፤ ምስጥ ከወለሉ ተነሥቶ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ይወጣል። የሥዕላችን ታችኛው ረድፍ የጠፋው እንደዚህ ነው። ከፊት ሲታይ ደህና ይመስል ነበር፤ ከጀርባ ተበልቷል። ምኒልክ አባቱን ያገኘበት፣ ታቦቱ የመጣበት፣ አሥራ አንዱም መስኮቶች አንድ ቀን ሸራውን ለማጽዳት ስናነሣው እንደ አመድ ረገፉ። ስለዚህ በእኛ ቤት ታሪኩ የሚያበቃው ንግሥቲቱ ቀለበቱን ተቀብላ ወደ አገሯ ስትመለስ ነው።

አንድ መስኮት ግን ከምስጡ በፊት ጎድሎ ነበር። ሰሎሞንና ንግሥቲቱ በአንድ አልጋ የተኙበትን እንግዶች እያዩ ስለሚሳሳቁ፣ እናቴ አንድ ቀን በመቀስ ቆርጣ አወጣችው። አባቴ ሦስት ቀን አኮረፈ ይባላል። እናታችን ስታርፍ ሣጥኗን ከፈትን፤ ከምድጃው አጠገብ ባለው ክፍል፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ የተቀመጠ ሣጥን ነበር። ያ ቁራጭ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ከዳዊቷ ሥር ተገኘ። ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ እንደሆነ! ግድግዳ ላይ የከበሩት ሲሻግቱ፣ በእፍረት የተደበቀችው በጨለማ፣ በደረቅና በንጹሕ ጨርቅ ተጠብቃ ቆየች። ስለ ሥዕል አጠባበቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም፦ ከግድግዳ አርቁ፤ ከወለል አንሡ፤ ከብርሃን ሰውሩ፤ በላስቲክ አታፍኑ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ነጋዴ ሥዕሉን አይቶ ዋጋ ሰጠን። ዋጋው መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሚገዛው ቆራርጦ ነው። ዘንዶው ለብቻው፣ ግብዣው ለብቻው፣ አልጋውም በተለይ ለብቻው። የተበላሸ ሙሉ ሸራ የሚሻ የለም፣ በመስተዋት የተከፈፈ ቁራጭ ግን ይሸጣል አለን። የብራና መጻሕፍትም ቅጠል በቅጠል ተገንጥለው የሚሸጡት በዚህ ስሌት ነው። እኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተወላውዬ ነበር። ቤቱን የምትጠብቀው ታላቅ እህቴ ግን «ብሩስ ይካፈል፤ ታሪኩን እንዴት አድርገን ልንካፈለው ነው?» አለችኝ። ነጋዴው ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ሸራና የእናቴን ቁራጭ ይዤ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። ቴፒ ቢቆይ የሦስተኛው ረድፍም ጊዜ ቅርብ ነበር። እዚህ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎችም አሉ። ለእህቴ ሙሉውን ልክ ጠብቄ ፎቶግራፍ አሳትሜ ላክሁላት፤ በድሮው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ይህን አድርጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው የጎንደሩ አባ እንጦንስ ትዝ ያለኝ። ግድግዳው እርጥብ ነው ብዬ፣ ይጠፋል ብዬ፣ ቅጂውን ሰቅዬ ዋናውን ወስጃለሁ። በእርግጥ ልዩነት አለ፤ ሸራው የአባቴ ነው፣ እህቴም ፈቅዳለች፣ ባሕርም አልተሻገረም። ነገር ግን ልዩነቱ የሚጸናው ሥዕሉ መመለሻ ካለው ነው። ዛሬ ቴፒ እንደ ድሮው አይደለችም፤ የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በዚያው አንድ ግቢ አለው። አንድ ደረቅ ክፍል፣ አንድ ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያ ቢገኝ፣ ከእኛ ሸራ ጎን የመሠረተ ትምህርቱ መጽሐፍ፣ የየቡና ቤቱ አሮጌ የግድግዳ ሥዕል፣ የየቤቱ ብራና ሊቀመጥበት ይችላል። የምጽፈውም ይህን የሚያስብ ሌላ ሰው ካለ እንዲሰማኝ ነው።

እስከዚያው ሠላሳ ሦስቱ መስኮቶች ከአልጋዬ ራስጌ ባለው ሣጥን ውስጥ፣ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እህቴ በደወለች ቁጥር ስለ ጤናዬ ጠይቃ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃ፣ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ሳትል አትቀርም፦

«መቼ ነው የምትመልሰው?»