ከአራዳ እስከ ሞል

ገበያ የሚወጣ ሰው ጨው ሊገዛ ብቻ አይወጣም። ወሬ ይሰማል፣ ዘመድ ያገኛል፣ ዓይኑንም ያጠግባል። ስለዚህ የገበያችን ታሪክ የሸቀጥ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ይጋፋ ነበር የሚልም ታሪክ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ አራዳ ላይ ዋለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባላገሩ እህልና ቅቤውን ይዞ ይመጣል፤ ዙሪያውን የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ሱቅ አለ። አዋጅ የሚነገረውም እዚያው ነው። ኋላ ሲኒማ ሲመጣ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት። በዚያ ሜዳ ሰው ሁሉ እኩል ነበር ማለቴ አይደለም፤ መኳንንቱ በበቅሎ፣ ድሀው በእግሩ ነው። ብቻ ይተያዩ ነበር።

ይህን የቆረጠው ፋሽስት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ከተማዋን በዘር ከፈላት። አራዳን ለነጩ ሱቅና መዝናኛ ሲያደርግ፣ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ፒያሳና መርካቶ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው።

ወራሪው ሄደ፤ የሠራው ድንበር ግን አብሮት አልሄደም። ፒያሳ የወርቅ ቤት፣ የኬክና የሲኒማ ሰፈር ሆኖ ቀረ። ወደ ምዕራብ የተገፋው መርካቶ ግን አልሞተም። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ራሱን በራሱ አደራጅቶ አገር የሚቀልብ ገበያ ሆነ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደምበል ሲቲ ሴንተር ተሠራ፤ ኋላ ቦሌ ላይ ኤድና ሞል ተከተለ። ሱቁ፣ ሲኒማውና የልጆች መጫወቻው አንድ ጣራ ሥር ገባ። ላይ ላዩን ሲያዩት የጥንቱ አራዳ የተመለሰ ይመስላል፤ መግዛትና መዝናናት እንደገና ተገናኝተዋልና። ነገር ግን አራዳ በር አልነበረውም። ሞል በር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ከሁሉም በላይ ዋጋ አለው። ድሮ በቀለም የተለየው ሰው ዛሬ በኪሱ ይለያል።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማት ፈረሰ። ሕንፃ ይተካል፤ በዚህ አንከራከር። ጥያቄው ሌላ ነው፦ በሚተካው ቦታ ሳንቲም የሌለው ሰው ቆሞ ማየት፣ ማውራት፣ መሳቅ ይችላል ወይ? ካልቻለ፣ ገበያ ሠራን እንጂ ከተማ ሠራን አንበል።