ደብዳቤው የት ቆመ? የአዲስ አበባ ኢሜይል ጅማሬና ለእኛ የተወልን ትምህርት

ዛሬ ወሎ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠን የላብራቶሪ ውጤት ቶሮንቶ ላለ የክፍል ጓደኛችን ስንልክ፣ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ መልስ እንጠብቃለን። መልሱ ከቀረ «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ከእኛ በፊት ለነበሩት ግን ጥያቄው እንዲህ በአንድ ቃል የሚታለፍ አልነበረም።

አብዛኞቻችን በኢትዮጵያ ኢሜይል የተጀመረው ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት በከፈተበት በጃንዋሪ 1997 ይመስለናል (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ ግን ቀደም ብሎ ነበር፤ ያውም እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ከወሎ ሰፈር በኦሎምፒያ አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ የወጣ ሰው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ግቢ ያውቀዋል። እዚያ ውስጥ በ1980 የተቋቋመ ፓዲስ የሚባል የሰነድና የመረጃ ክፍል ነበር። ይህ ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ ኢሜይል ማስተላለፍ ጀመረ። በኋላም ካቤካ በተባለ ፕሮጀክት ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ባለሙያዎች ሙያውን አካፈለ።

ፊዶኔትን ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 ሲጀምረው የሚፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደምና አንድ የስልክ መስመር ብቻ ነበር። አሠራሩ የአገራችንን የመልእክተኛ ልማድ ይመስላል። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ ስልክ ይደውላል፣ ያለውን አስረክቦ የመጣለትን ይቀበልና ይዘጋል። መስመሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሆናል ብሎ ማንም አያስብም። እንዲያውም ይቋረጣል ተብሎ ነው የተሠራው።

ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ባለሙያ ጆሮው የሠለጠነ የነበረው። ሞደሙ ሲደውል መጀመሪያ የመስመሩ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ ጥሪው፣ ከዚያ ሁለቱ ማሽኖች በፉጨትና በሹክሹክታ ፍጥነት ይስማማሉ። የመስመሩ ድምፅ ከሌለ ችግሩ እዚሁ ነው። ጥሪው አልፎ ፉጨቱ ካልመጣ ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው። ፉጨቱ ተጀምሮ ከተቆረጠ መስመሩ ይንኮሻኮሻል ማለት ነው፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ እንደገና መሞከር ነው። ዜድሞደም የተባለው የመላኪያ ዘዴ ደግሞ በመሃል የተቋረጠን ፋይል ከቆመበት ይቀጥለዋል፤ ከሀ ብሎ አይጀምርም።

ሐኪሞች ከሆንን እዚህ ጋ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። የነርቭ መምህሮቻችን «ምንድን ነው» ከማለታችሁ በፊት «የት ነው» በሉ ይሉን አልነበር?

የእኛ ሙያ ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የልብ ሐኪሙ በርናርድ ላውን፣ ምቱ ክፉኛ የተዛባን ልብ በኤሌክትሪክ ወደ ሥርዓቱ የሚመልሰውን የቀጥተኛ ጅረት ዲፊብሪሌተር ለሕክምናው ያበቁት ሰው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳተላይፍ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማው መጽሔት ለማይደርሳቸው ሐኪሞች መረጃ ማድረስ ነበር። ኸልዝኔት የተባለው መረባቸው ከደረሰባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1993 የመጠቀችው ኸልዝሳት 2 ሳተላይት ከምድር 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትዞር ነበር። በአንድ ጣቢያ ላይ ስታልፍ የምትታየው ቢበዛ ለሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ በዚያች ጊዜ ደብዳቤ ተቀብላ፣ ይዛ ዞራ፣ ሌላ ቦታ ታወርዳለች። እሷም መልእክተኛ ነበረች።

ከ1997 በኋላ ሞደሙ ቀስ በቀስ ቀረ፣ ሰርቨር መጣ። ሐሳቡ ግን አልቀረም። ዛሬም ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ደንብ በመሠረቱ ጆን ፖስቴል በ1982 ያወጡት ነው። ተቀባዩ 220 የሚል ቁጥር ይሰጣል፤ «ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው። ላኪው «ሄሎ» ይላል፤ በቀልድ አይደለም፣ ትእዛዙ ራሱ ይኸው ቃል ነው። መልሱ በ4 ከጀመረ «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 ከጀመረ «አልቀበልም» ማለት ነው። ተቀባዩ ጨርሶ ዝም ካለ ደግሞ ላኪው ደብዳቤውን አይጥለውም። አራት አምስት ቀን ያህል ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል።

ይህ ለእኛ ወሬ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት የአንዲት የክፍል ጓደኛችን የፓቶሎጂ ውጤት በራሷ ፈቃድ ውጭ ላሉ ሁለት የማኅበራችን አባላት ተልኮ ነበር። በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ የማኅበሩ የኢሜይል ሰርቨር አልነሳ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራው ማጥፋትና ማብራት ሆነ። ምርመራ ሳያደርጉ አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ እንደ መስጠት በሉት። በአራተኛው ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ፤ አላጠፋም፣ አላበራም። ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ ከፍቶ አነበበ። ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል፤ አገልግሎቱ ሲነሳ የሚጽፍበት ቦታ ያጣና ይወድቃል። ቦታ ሲለቀቅለት ተነሳ።

አባላት ግን አሁንም ሣጥናቸውን መክፈት አቃታቸው። ለካስ በሽተኛው ሁለት በሽታ ነበረበት። የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ጊዜው አልፏል፤ የማሳሰቢያው ደብዳቤ ሲሄድ የኖረው ሥራ ወደለቀቀ ሠራተኛ አድራሻ ነበር።

ሁለቱም ሲስተካከሉ የአራት ቀን ደብዳቤ ተከታትሎ ወረደ። ከሁለቱም ፓቶሎጂስቶች የተጻፈው መልስ ውስጡ ነበር፤ በላኪዎቹ ሰርቨሮች ተይዞ ሲጠብቀን ከርሟል። አንድም አልጠፋም። ጓደኛችን ሕክምናዋን በዚያው ሳምንት ጀመረች። አንድ ሁለት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ግን ደብዳቤዎቹ ወደ ላኪዎቹ ይመለሱ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ደብተር ይኑረው። ሰርተፊኬቱና የአድራሻ ስሙ መቼ እንደሚታደሱ፣ ማሳሰቢያው ለማን እንደሚሄድ፣ ሰርቨሩ እንቢ ሲል መጀመሪያ ምን እንደሚታይ ይጻፍበት። ኃላፊው ሲቀየር ደብተሩ በፊርማ ይረከብ።

ሁለተኛው ለታላላቆቻችን ነው። በ1990ዎቹ በሞደም ደብዳቤ የላካችሁ፣ የሳተላይት መልእክት አትማችሁ ዋርድ ይዛችሁ የገባችሁ መምህሮቻችን አሁንም በመካከላችን አላችሁ። መሳቢያችሁን ፈትሹልን። የታተመ ወረቀትም ይሁን ፍሎፒ ዲስክ፣ ወይም ሞደሙ እንዴት ይጮህ እንደነበር ብቻ ቢሆንም፣ ለሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ ንገሩን። ይህ ዝግጅት ክፍል ተቀብሎ ያስቀምጣል።