ጓደኛዬ ትሂድ ወይስ ትቆይ?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደቡብ ኦሞ ውስጥ የምትሠራ ጠቅላላ ሐኪም ጓደኛ አለችኝ። ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ሳይሞላት «ሬዚደንሲ ግቢ» ተባለች፤ ሌላው ስንት ዓመት ደጅ የሚጠናበት ዕድል! መልስ የምትሰጠው ሰኞ ነው። ለክትባት ሥራ ኮልቾ ወርዳ ስትመለስ ደወለችልኝና «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ጋዜጠኛ ደግሞ ምክር ሲጠየቅ ታሪክ ያገላብጣል፤ ሌላ ምን ያውቃል?

ኮልቾን ለማታውቁ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች የካሮዎች መንደር ናት፤ ኦሞ ወንዝ ሲጠማዘዝ ከሥሯ ቁልቁል ይታያል። ቱሪስት ፎቶ ሊያነሳ ይመጣል። ሐኪም ግን አልፎ አልፎ ነው።

ከ1960 እስከ 1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኦሞ ተፋሰስና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር። በግምት 100,000 ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ ሞቷል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ እኛ ግን ትምህርት ቤት ስሙን እንኳ አልሰማንም። እኔን የሚያንገበግበኝ ክትባቱ ከ1930ዎቹ ጀምሮ መኖሩ ነው። የጠፋው መድኃኒቱ ሳይሆን ዓይኑ ቢጫ የሆነውን የመጀመሪያ ታማሚ አይቶ «ይሄ ነገር ደግ አይደለም» ብሎ ቶሎ የሚያስታውቅ ሰው ነበር። ለዚህ ደግሞ ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ እዚያው የሚኖር ባለሙያ ይበቃል።

መንግሥት ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ደምቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቷል። ጤና መኮንኑ፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ አብረው ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር ሐሳቡ። መቼም ከዚያ ወዲህ ከታሰቡት ሁሉ ለእኔ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት ግን ሌላ መሰላል ተተከለ። ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። በ1980 ገደማ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሬዚደንሲ ሲጀምር ከአገር መውጣቱ ግድ መሆኑ ቀረ፤ ከወረዳ መውጣቱ ግን አልቀረም።

እንግዲህ «ቆዪ» ልበላት? አፌ አይደፍርም። ምጥ ለጠናባት እናት ቢጫ ዓይን የሚያይ ሰው ምን ያደርግላታል? የሚቀድና የሚሰፋ እጅ ነው የሚያስፈልጋት። ስፔሻሊስቶቹ ገጠር አልገኝ ቢሉ በ2009 ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ኦፕሬሽን ማሠልጠን ተጀመረ። ማለትም አገሪቱ ስፔሻሊስቱን መጠበቅ ሰልችቷት ሌላ ሰው በቦታው ተካች።

በ2013 ደግሞ ቢጫ ወባ ደቡብ ኦሞ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ 6 ታማሚዎች በላቦራቶሪ እንደተረጋገጡ ከ500,000 በላይ ሰው ለመከተብ ዘመቻ ተጀመረ። ልዩነቱ የመጀመሪያዎቹን በሽተኞች ያየ ሰው መኖሩ ነው።

ይሄን ሁሉ ስነግራት ሳቀች። «ታዲያ ልሂድ ወይስ ልቆይ ነው የምትይው?»

ሂጂ አልኳት። ግን ሰርጀሪ ወይ ማህፀንና ጽንስ ካልሆነ እንዳትፈርሚ፤ ስትጨርሺ የት እንደሚመድቡሽም አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ። ቆዳ ሕክምና ብትመርጭ ግን ለሠርግሽ አልመጣም (ይቅርታ፣ የቆዳ ሐኪሞች!)።

«እኔ ስሄድ ኮልቾ ማን ይወርዳል?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሰኞ ምን እንዳለች ስሰማ እጽፍላችኋለሁ።