ሐዋሳ፤ በሁለት ወግ የተሠራች ቤት

ሐዋሳ ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር ተቆረቆረች። ስፍራው ግን ቀድሞም ቢሆን ባዶ አልነበረም፤ ሲዳማዎች አዳሬ ብለው የሚጠሩት የከብት መሰማሪያ ነበረ።

የሲዳማ ሰው ቤቱን ክብ አድርጎ፥ ግድግዳውን በቀርከሃ እንደ ቅርጫት ጎንጉኖ ይሠራ ነበር፤ ከብቱንም ከራሱ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ያሳድራል፥ እንሰቱንም በጓሮው ይተክላል። ከሰሜን የመጣው ሰፋሪ ደግሞ እንጨት አቁሞ፥ ጭቃውን በጭድ አቡክቶ ይመርጋል፤ ጣራውንም ቆርቆሮ ያለብሳል። በሐዋሳ ሁለቱ ወጎች በአንድ አጥር ውስጥ ተገናኙ፤ በቆርቆሮው ቤት ጓሮ እንሰት በቀለ።

ነገር ግን ቀርከሃና ቆርቆሮ ስለ ተገጣጠሙ ብቻ ሁለት ሕዝብ አንድ ቤት ገባ አይባልም። ምልክቱ በስሟ ይታያል። ሐዋሳ በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ውሃ ማለት እንደ ሆነ ይነገራል፤ ጸሐፊዎች ግን የፊተኛዪቱን ፊደል ለውጠው ብዙ ዘመን «አዋሳ» ሲሉ ኖሩ። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ምን ይጎዳል የሚል ቢኖር፥ ባለቤቱን በስሙ የማይጠራ እንግዳ ገና ከደጅ እንደ ቆመ ይወቅ።

በኋላ ፊደሊቱ ወደ ስፍራዋ ተመለሰች፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዪቱ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። ቀድሞ እንግዳው የባለቤቱን ስም መማር ይገባው ነበር፤ ዛሬም ባለቤቱ በዚሁ ግቢ የተወለደውን ልጅ እንግዳ ብሎ አለመጥራት ይገባዋል። የተመረገ ግድግዳ በአንድ ቀን አይደርቅምና፥ ሁለቱም ይታገሡ።