«ሮዝ» በሸማ ተራ፦ የአንድ የውሰት ቅጽል አመጣጥና እርባታ

በመርካቶ ሸማ ተራ የጥለት ቀለም ሲመረጥ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ከሚባሉት ነባር ቅጽሎች ጎን «ሮዝ» የሚል የእንግዳ ቃል ይሰማል። የገበያው ስም ራሱ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የገባ የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን ፍችው ገበያ ማለት ነው። «ሮዝ»ም ምንጩ የጽጌረዳን አበባ የሚያመለክተው የላቲኑ «ሮዛ» ነው።

ቃሉ ከገባ በኋላ ግን እንዴት ይረባል? ነባሮቹ ቅጽሎች ብዛትን ሲያመለክቱ ከውስጣቸው ድምፅ ይደግማሉ፤ ቀይ «ቀያይ»፣ ነጭ «ነጫጭ»፣ ጥቁር «ጥቋቁር» ይሆናል። ከግዕዝ የተወረሰው «ቅዱስ» ደግሞ «ቅድስት»ንና «ቅዱሳን»ን አስከትሎ ገብቷል። «ሮዝ» «ሮዛዝ» አይባልም፤ ሆኖም «ሮዙ ነጠላ»፣ «ሮዟ ቀሚስ»፣ «ሮዞቹን አምጣ» ይባላል። ይህም ቃሉ የውስጥ ለውጥን እንዳልተቀበለ፣ የመድረሻ ቅጥያን ግን እንደ ነባሮቹ እንደያዘ ያስረዳል።

ቅጽሎች በጾታና በቁጥር በሚረቡበት በስዊድንኛ ይኸው ቃል «ሩሳ» ተብሎ ቢገባም፣ በመደበኛው ጽሕፈት ሳይረባ ቀርቷል። አማርኛ እንግዳውን በከፊል አላምዶታል።

ስለሆነም የመዝገበ ቃላትና የሰዋስው አዘጋጆች የውሰት ቅጽልን ከነፍችው ብቻ ሳይሆን ከነእርባታው ሊመዘግቡት ይገባል። ይህ ካልሆነ፣ ነጋዴው በየዕለቱ በትክክል የሚሠራበትን ሕግ ተማሪው ከመጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም።